ብረት ምስጢር አይጠብቅም

አንድ የመዝናኛ ፓርክ አዲስ ሮለር ኮስተር (ሰው አሳፍሮ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፍ የመዝናኛ ባቡር) ሊሠራ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያደርገው ዝም ማለት ነው። ስሙን አይናገርም፣ ቁመቱን አይናገርም፣ ማን እንደሚሠራለትም አይናገርም። ቦታውን ያጥራል፤ በአጥሩ ላይ እንቆቅልሽ የሆነ ሥዕል ይሰቅላል፤ ከዚያ ወሬው እንደ ሊጥ እንዲቦካ ይተወዋል። ከአጥሩ ውጭ ግን ካሜራውን አንግቶ የሚጠብቅ ሰው አለ። የፓርኩ ሠራተኛ አይደለም፤ ጋዜጠኛም መሐንዲስም ላይሆን ይችላል። በሥራ ቀናት የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ወይም የሒሳብ መምህር ይሆናል። ይህ ሰው ፓርኩ የደበቀውን ቁመት፣ ፍጥነትና የሐዲድ አካሄድ ፓርኩ አፉን ከመክፈቱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ያውቀዋል።

የሚያውቀው ሰርቆ አይደለም። አብዛኛውን የሚያገኘው በአደባባይ ከተቀመጠ ወረቀት ነው፤ የቀረውን ከብረቱ ከራሱ ያነበዋል።

ከወረቀቱ እንጀምር። ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ፣ ቶርፕ ፓርክ የሚባል መዝናኛ አለ። ቦታው ድሮ ጠጠር የሚቆፈርበት ነበር። ጉድጓዶቹ ውሃ ሞልቷቸው ሐይቅ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ፓርክ ተከፈተበት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2021 መጨረሻ ላይ ይህ ፓርክ «ፕሮጀክት ኤክሶደስ» የሚል የሽፋን ስም የሰጠውን እቅድ ለአካባቢው ነዋሪዎች አቀረበ። ወዶ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ረጅም ነገር የሚገነባ ድርጅት ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ማመልከቻውም ከነአባሪዎቹ ማንም ሰው ሊያየው በሚችልበት ሁኔታ ይቀመጣል። ሕጉ የታሰበው «በመስኮቴ በኩል ምን ሊቆም ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ጎረቤት ነበር። ከጎረቤቱ ቀድመው የሚያነቡት ግን የሮለር ኮስተር ወዳጆች ናቸው።

የሚያነቡትም ሁሉ አስደሳች እንዳይመስላችሁ። የጎርፍ ስጋት ጥናት አለ፤ የሚቆረጡና የሚተከሉ ዛፎች ዝርዝር አለ፤ ሐዲዱ የሚያወጣው ድምፅ እስከ የትኛው ቤት እንደሚሰማ የሚተነትን ሪፖርት አለ፤ ግንባታው ከሩቅ መንገድ ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ምስሎች አሉ። ብዙ ሰው ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። በዚያ ሁሉ መሐል ግን ከጎን የተወሰደ ንድፍ ተቀምጧል፤ ንድፉ ላይ ደግሞ ቁመቱ ተጽፏል፤ 72 ሜትር። ከ1994 ጀምሮ የእንግሊዝን የቁመት ክብር ይዞ የቆየው የብላክፑል ከተማው ሮለር ኮስተር «ቢግ ዋን» 65 ሜትር ነው። አንዲት ቁጥር የሠላሳ ዓመት ክብር ሊወሰድ መሆኑን አወጀች። ፓርኩ ገና ስም እንኳን አላወጣለትም ነበር። «ሃይፔሪያ» የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው።

ቁመቱ ከተገኘ ፍጥነቱን ለማወቅ ፓርኩን መለማመጥ አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል። በሰንሰለት ተጎትቶ ጫፍ ላይ የደረሰ ባቡር ሞተር የለውም። ከዚያ በኋላ የሚነዳው የመሬት ስበት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁመቱን በሜትር ወስደን በ19.6 እናባዛ (የስበቱ መጠን 9.8 በሁለት ተባዝቶ ማለት ነው)፤ የውጤቱን የካሬ ሥር እናውጣ፤ ያንን በ3.6 አባዝተን ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት እንለውጥ። 72 በ19.6 ሲባዛ 1,411 ይሆናል፤ የካሬ ሥሩ 37.6 ሜትር በሴኮንድ ነው፤ በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ግድም። ፓርኩ በኋላ ያወጀው 130 ነው። የጎደሉትን አምስት ኪሎ ሜትሮች ነፋሱና የጎማዎቹ ሰበቃ ተካፍለዋቸዋል፤ ባቡሩም ቁልቁለቱን ሲጨርስ ልክ አፈሩ ላይ አይደርስም። ያም ሆኖ በአንድ እርሳስና በአንድ ብጣሽ ወረቀት ይህን ያህል መቅረብ መናቅ የለበትም።

በዚህ ስሌት ውስጥ የባቡሩ ክብደት እንዳልገባ ልብ ያለ አንባቢ ይኖራል። ከሕንፃ ላይ ድንጋይና ጠጠር አብረው ቢለቀቁ አብረው እንደሚወርዱት ሁሉ፣ በንድፈ ሐሳብ ባዶ ባቡርና ሰው የሞላው ባቡር እኩል ይፈጥናሉ። በተግባር ግን የሞላው ይፈጥናል። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። ነፋስ የሚገፋው የባቡሩን ፊት ነው፤ ፊቱ ደግሞ ሰው ስለተሳፈረ አይሰፋም። ከባዱ ባቡር ያንኑ ግፊት በበለጠ ጉልበት ይጋፈጠዋል። ይህ ነጥብ በሙከራው ጊዜ ስለሚያስፈልገን እዚህ አስቀምጠነው እንለፍ።

አሜሪካ ውስጥ ወረቀቱ የሚወጣበት በር ሌላ ነው። ከመሬት 200 ጫማ፣ ማለትም 61 ሜትር ያህል፣ በላይ የሚቆም ነገር የሚገነባ ሁሉ አውሮፕላን እንዳይመታው ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ማሳወቅ አለበት። ማሳወቂያው ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ፓርክ ባለበት ስፍራ ላይ የማይታወቅ የ200 ምናምን ጫማ «ግንባታ» ሲመዘገብ፣ ሕንፃ ነው ብሎ የሚያምን የሮለር ኮስተር ወዳጅ የለም። የንግድ ምልክት ምዝገባም እንዲሁ ነው፤ ስሙን ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ያስመዘገበ ፓርክ ስሙን ገለጠ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የታወቀው የኦሃዮው ጉዳይ ነው። ከሲንሲናቲ አጠገብ ሜሰን የምትባል ከተማ ውስጥ ኪንግስ አይላንድ አለ። በ2019 ፓርኩ ለአዲስ ግንባታ ለከተማው አስተዳደር ያስገባው ንድፍ የመንግሥት ሰነድ ስለሆነ ጠያቂ እጅ ገባ፤ ፓርኩ ማስታወቂያውን ሳያሰናዳ የሐዲዱ አካሄድ በሙሉ በሰው ሁሉ ስክሪን ላይ ዋለ። ያ ሮለር ኮስተር በ2020 የተከፈተው ኦራየን ነው። ንድፉ ሲገኝ ነገሩ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ ወዳጆቹን አታውቋቸውም። ጭቅጭቁ ገና መጀመሩ ነበር። በዚህ ዓለም ውስጥ ከ200 ጫማ በላይ የሆነው «ሃይፐር»፣ ከ300 በላይ የሆነው «ጊጋ» ይባላል። የኦራየን ኮረብታ ግን ከመሬት 287 ጫማ ነው፤ ቁልቁለቱ ከጫፉ ዝቅ ወዳለ ስፍራ ስለሚወርድ 300 ጫማ ይሞላል። ታዲያ የሚቆጠረው ቁመቱ ነው ወይስ ቁልቁለቱ? በ13 ጫማ ምክንያት የተጻፈው ክርክር ተሰብስቦ ቢጠረዝ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል። የእኔን ፍርድ ለሚጠይቅ፦ ሆድ የሚላወሰው በቁልቁለቱ እንጂ በቁመቱ አይደለም፤ ስለዚህ ጊጋ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ከሜሰን ብዙም በማይርቀው ባታቪያ ከተማ ክለርሞንት ስቲል ፋብሪኬተርስ የሚባል የብረት ፋብሪካ አለ። የሞንቴው የስዊዘርላንድ ድርጅት ቦሊገር ኤንድ ማቢያርድ የሚነድፋቸው በርካታ ሮለር ኮስተሮች ሐዲዳቸው የሚበየደው እዚህ ነው። የተጠናቀቁት ቁርጥራጮች ቀለም ተቀብተው ግቢው ውስጥ ተደርድረው የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። ለመንገደኛ ይህ የቧንቧ ክምር ነው። ለሚያውቅ ግን የአገሩን ፓርኮች ሁሉ የመጪ ዓመት እቅድ የያዘ የገበያ መደብ ነው። አረንጓዴው የማን ነው? ብርቱካናማው ወዴት ሊሄድ ነው? ቀለሙ ብቻ ጭብጡን ይናገራል፤ በረዶ የሚመስል ሰማያዊ ከሆነ እሳተ ገሞራ የሚል ስም እንደማይወጣለት መገመት አይከብድም።

ቅርጹ ደግሞ አምራቹን ይናገራል። የቦሊገር ኤንድ ማቢያርድ ሐዲድ ከሁለቱ መሮጫ ቧንቧዎች በታች አራት ማዕዘን ሣጥን የሚመስል ወፍራም አከርካሪ አለው። ይህ ሣጥን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ባቡሩ ሲያልፍበት እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ጎረቤት ባለበት ቦታ ድምፁን ለመቀነስ አሸዋ ይሞላበታል። ኢንታሚን የተባለው ሌላ አምራች ትልልቅ ሐዲዶች ብዙውን ጊዜ በቀጫጭን ቧንቧዎች ሦስት ማዕዘን ሆነው የተጣመሩ ናቸው። ሮኪ ማውንቴን ኮንስትራክሽን የተባለው የአይዳሆ ድርጅት ደግሞ ቧንቧ ትቶ ጠፍጣፋ ብረት በይዶ ያረጁ የእንጨት ኮስተሮችን አዲስ ነፍስ ይዘራባቸዋል። አንድ ቁርጥራጭ ከጭነት መኪና ላይ ማየት የበሬን ዘር ከቀንዱ እንደመለየት ነው።

እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥር አለ። ክሬን የሚያነሣው ሠራተኛ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም እንዲያውቅ ነው የተጻፈው። ከአጥሩ ውጭ ያለውም ሰው ያንኑ ቁጥር ያነባል፤ 14 እና 15 ዛሬ ከመጡ፣ 16 ደግሞ ጥምዝ ከሆነ፣ ከ15 በኋላ ባቡሩ ይዞራል ማለት ነው። ሐዲዱ ሳይመጣ በፊት እንኳን ኮንክሪቱ ይናገራል። የእያንዳንዱ ምሰሶ መሠረት ከመሬት ብቅ ያሉ ብሎኖች አሉት። መሠረቶቹ ተራርቀው ከተቀመጡ ባቡሩ በዚያ በኩል ብዙ ሳይታገል ያልፋል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተጨናነቁ እዚያ ሐዲዱ በኃይል ይገፋል። ይህ የቁልቁለት ግርጌ ወይም ጠባብ ጥምዝ ነው። ካርታ ላይ ነጥቦቹን እያገናኙ መሥመር መሣል የዚህ ሁሉ ድካም ጣፋጩ ክፍል ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ፓርኮቹ ራሳቸው ይህን ጨዋታ መጫወት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስታፎርድሻየር የሚገኘው አልተን ታወርስ አዳዲስ ሥራዎቹን «ምስጢራዊ መሣሪያ» እያለ በቁጥር ይጠራል፤ ሦስተኛው በ1994 ኔሜሲስ፣ አራተኛው በ1998 ኦብሊቪየን፣ ስምንተኛው በ2018 ዊከር ማን ሆኖ ተከፈተ። ኔሜሲስ ስለ ወረቀቱም ስለ ብረቱም አንድ ነገር ያስተምራል። በዚያ ፓርክ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ የሚታይ ነገር መገንባት አይፈቀድም። ወደ ላይ መውጣት ሲከለከሉ ወደ ታች ቆፈሩ፤ ዓለቱን ሰንጥቀው ሐዲዱን ጉድጓድ ውስጥ አጠመዘዙት። ቁመቱ 13 ሜትር ብቻ ነው፤ በዓለም ዝነኛ ከሆኑት አንዱ ለመሆን ግን አላገደውም። ያንን ሸለቆ የቀረጸው ከንድፍ አውጪው እኩል የአካባቢው የግንባታ ደንብ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሐዲዱ የት እንደሚሄድ ነው። ተሳፋሪው ምን እንደሚሰማው ግን ከሥዕል ላይ ማንበብ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ቁልፉ የጥምዙ ስፋት ነው። ባቡር ቁልቁለት ጨርሶ ወደ ላይ ሲቀና ወንበሩ ተሳፋሪውን ከታች ይገፋዋል፤ ክብደቱ ሁለት ሦስት እጥፍ የሆነ ይመስለዋል። ይህ ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ተመሳሳይ ስሜት ለመስጠት ጥምዙ አራት እጥፍ መስፋት አለበት። ይህን ሒሳብ መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። በ1895 ኮኒ አይላንድ ውስጥ «ፍሊፕ ፍላፕ» የተባለ ኮስተር ተሳፋሪዎችን ፍጹም ክብ በሆነ ቀለበት ያዞር ነበር። ባቡሩ ከቀጥታው ሐዲድ ወደ ክቡ በገባባት ቅጽበት፣ ያውም ፍጥነቱ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ፣ አንገት በድንገት ይቀበለዋል። ግፊቱ እስከ 12 እጥፍ ይደርስ እንደነበር ይገመታል። መድኃኒቱ ከ80 ዓመት በኋላ መጣ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቨርነር ሽቴንግል ቀለበቱን እንደ ውሃ ጠብታ ሠራው፤ ግርጌው ሰፊ፣ አናቱ ጠባብ። ባቡሩ ሲፈጥን ሰፊውን፣ ሲዘገይ ጠባቡን ያገኛል። በ1976 በካሊፎርኒያው ማጂክ ማውንቴን የተከፈተው «ሬቮሉሽን» በዚህ ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ዛሬ የምታዩዋቸው ቀለበቶች ሁሉ የእርሱ ልጆች ናቸው።

ዘመናዊ ኮምፒውተር ኖሮም ስሌቱ ሰውነትን ይስታል። ዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ ወደ ሪችመንድ ስትነዱ ከአውራ ጎዳናው ላይ ኪንግስ ዶሚኒየንን አይታችሁት ይሆናል። በ2010 እዚያ የተከፈተውና ያኔ ኢንቲሚዴተር 305 ይባል የነበረው ኮስተር 305 ጫማ ከፍታ ካለው ጫፍ 300 ጫማ ወርዶ፣ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ መሬት ለመሬት ረጅም ጥምዝ ውስጥ ይገባል። ችግሩ የግፊቱ ብርታት ብቻ አልነበረም፤ ርዝመቱ ጭምር ነበር። ለአንድ ሴኮንድ የሚቻል ነገር ለበርካታ ሴኮንዶች ሲቀጥል ደም ከራስ ወደ እግር ይሸሻል፤ ዓይን መጀመሪያ ቀለም ያጣል፣ ከዚያ ጠርዙ ይጨልማል። ብዙ ተሳፋሪዎች ይህ ደረሰባቸው። ፓርኩ መጀመሪያ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አደረገ፤ ከዚያ ክረምቱን ጠብቆ የጥምዙን ሐዲድ አውልቆ ሰፋ ባለ ለወጠው። ንድፉን አስቀድመው ካዩት ወዳጆች መካከል ያ ጥምዝ ዓይን እንደሚያጨልም በእርግጠኝነት መናገር የሚችል አልነበረም። ወረቀት ደም የለውም።

ፈቃድ ጠያቂና ማመልከቻ መዝጋቢ በሌለበትስ? ሪያድ አቅራቢያ ቂዲያ ላይ የተሠራው ፋልከንስ ፍላይት ለዚህ ምሳሌ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አንባቢዎች ማስታወቂያውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚህም ከ2010 ጀምሮ በአቡዳቢ በ240 ሲመራ የቆየውን ፎርሙላ ሮሳን ቀደመ። ለዓመታት ሲገነባ ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ የሚያነብ ጎረቤት አልነበረውም፤ በረሃና የጡዋይቅ ገደል ብቻ። ወዳጆቹ የተረፋቸው ከሳተላይት የሚነሣ ምስልና ኩባንያው ራሱ መርጦ የሚለቀው ቪዲዮ ነበር። ከሰማይ ላይ ምሰሶ ነጥብ፣ ጥላው መሥመር ነው፤ ፎቶው የተነሣበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ከጥላው ርዝመት ቁመቱን ያሰላል። በላይኛው ቀመራችን ደግሞ ሌላ ነገር ማረጋገጥ እንችላለን። ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት 195 ሜትር ነው፤ ከዚያ በስበት ብቻ የሚወርድ ባቡር ያለ ነፋስ እንኳን ፍጥነቱ በሰዓት 223 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ይቆማል። 250 ለመድረስ 246 ሜትር ቁልቁለት ይፈልግ ነበር። የቀረውን የሚሞላው ሐዲዱ ላይ የተደረደረው የኤሌክትሪክ ማግኔት ነው።

አሁን የመጨረሻው ቁራጭ ተሰቅሏል እንበል። ላላወቀ ሰው ሥራው አልቋል። ወዳጆቹ ግን ከሁሉ የሚጓጉት ለቀጣዩ ነገር ነው፤ ለሙከራው። ባቡሩ መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ሰው በሚመስሉ ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ተጭኖ ይለቀቃል። ውሃው የሰውን ክብደት ይተካል። ያስቀመጥነውን ነጥብ እዚህ እናንሣው፤ ባዶ ባቡር ቀርፋፋ ነው፤ ቀዝቃዛ ማለዳ ላይ ደግሞ የጎማውም የቅባቱም ብርድ ተጨምሮ ይብሳል። ስለዚህ የሚፈራው መፍጠኑ ብቻ አይደለም፤ መዘግየቱም ነው። ቀጣዩን ኮረብታ ለመውጣት ጉልበት ያነሰው ባቡር ወደ ኋላ ይንሸራተትና በሁለት ኮረብታዎች መካከል እንደ ጀልባ እየተወዛወዘ ይቆማል። ከዚያ የሚያወጣው ክሬን ነው። ተገንብቶ ያለቀ ሮለር ኮስተር አጠገብ ክሬን ተመልሶ ከታየ ነገሩ ምን እንደሆነ ለወዳጆቹ መንገር አያስፈልግም።

ሙከራውን ማለፍም ዋስትና አይደለም። ሃይፔሪያ በግንቦት 2024 ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ለጥቂት ጊዜ ተዘጋ፤ ኋላ ግን ሥራውን ቀጠለ። በዚያው ወር ኦሃዮ ሴዳር ፖይንት ውስጥ ቶፕ ትሪል 2 የተባለው 420 ጫማ የሚዘልቅ ኮስተር ተከፈተ፤ በቀናት ውስጥ ባቡሮቹ ማሻሻያ ያስፈልጋቸዋል ተብሎ ቆመ፤ የዚያ ዓመት ወቅት አልቆ እስኪዘጋም ሕዝብ አልተሳፈረበትም። እንደገና የተከፈተው በ2025 ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ወዳጆቹ ካሜራቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ተመለሱ። ምሰሶው ሁሉ ቆሟል፣ ብሎኑ ሁሉ ጠብቋል፤ በዚህ ጊዜ የሚጠብቁት ባዶ ሐዲድ ላይ አንድ ባቡር ብቅ እንዲል ነበር።